ሁለተኛው ወንበር የተቆለፈባቸው መምህርት ሩክያ ሃሩን

ከገርጋርሳ የተማሪዎች ነፃ ክሊኒክ ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ
ነቀምቴ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለአባሎቻችንና ለቀድሞ አባሎቻችን፣ ለታካሚዎቻችን፣ ለነቀምቴ፣ ለሲሬ፣ ለዲጋና ለአንገር ጉቲን ነዋሪዎች በሙሉ፦

ማኅበራችን ከመሥራቾቹ አንዷ፣ ኋላም ተቆጣጣሪ ባለሙያው የነበሩት መምህርት ሩክያ ሃሩን ባደረባቸው የወባ ሕመም በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን በመሪር ሀዘን ያስታውቃል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግሥቱ በትውልድ ቀያቸው በአንገር ጉቲን ወላጆቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው፣ ተማሪዎቻቸውና ያከሟቸው ሰዎች በተገኙበት ተፈጽሟል።

መግለጫው እዚህ ላይ መጽናናትን ተመኝቶ ሊያበቃ ይችል ነበር። ደንቡም ይኸው ነው። ነገር ግን ከሀዘናችን ጋር አንድ ሌላ ስሜት አለብን፤ ሸፍነን ብናልፈው ሟቿን መዋሸት ይሆንብናል። ተጸይፈናል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ በስማቸው የሚወጣው ምስጋና፣ የሚሰቀለው ባነር፣ የሚነሳው ፎቶግራፍ እጅ እጅ ብሎናል። አበው “የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው” ያሉት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሩክያ በሕይወት ሳሉ አንገታቸው አጭር ነው ሲሉ የነበሩት እነዚሁ ሰዎች መሆናቸውን እናውቃለን።

የኮሌጁን ስም አንጠራም። የግቢውን ንብረት የሚያስተዳድረውን ጽሕፈት ቤትም “ጽሕፈት ቤቱ” እያልን እናልፋለን። ኃላፊውም ራሳቸውን ያውቁታል። የሥራ አመራር ኮሚቴያችን የመግለጫውን ረቂቅ መጀመሪያ ሲያይ “ትንሽ ይለዝብ” ብሎ ነበር፤ አንብቦ ሲጨርስ ግን “እንዳለ ይውጣ” አለ።

መምህርት ሩክያ ሃሩን በ1987 ዓ.ም. በአንገር ጉቲን ተወለዱ። ወላጆቻቸው በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በነቀምቴ አጠናቀው በጤና መኮንንነት ሙያ ወደ ኮሌጁ ገቡ። አማርኛቸው የወሎ ነበር፤ አፋን ኦሮሞአቸውም ከነቀምቴ ገበያ ነጋዴዎች የሚለይ አልነበረም። “አንቱ” ሲባሉ ይስቁ ነበር። በዚህ መግለጫ “አንቱ” የምንላቸው ስለ ክብራቸው ነው፤ እሳቸው ቢሰሙ “ወይ ጉድ፣ ምነው አስረጃችሁኝ!” ይሉን ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ሩክያ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሳሉ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ የሚያክም ክሊኒክ ለማቋቋም ጥያቄ አቀረቡ። ዶክተር ሞሲሳ ፈየራ ተማሪዎቹን በኃላፊነት ለመቆጣጠር ፈቃደኛ ሆኑ። ኮሌጁ አንድ የተተወ የዕቃ ክፍል ሰጠ። አባላቱ አይጡን አባርረው፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብተው፣ ከየቤታቸው ያመጡትን ወንበርና አግዳሚ አስገቡበት። ስሙንም “ገርጋርሳ” አሉት፤ በአፋን ኦሮሞ እርዳታ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ውርደት ነበር። ይህን የምንጽፈው እሳቸው ራሳቸው በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ይነግሩት ስለነበር ነው። ከሲሬ የመጡ ኦቦ ኢዶሳ የሚባሉ አዛውንት ገቡ። ተማሪዎቹ እንደ አገሩ ወግ ተነስተው “አከም ቡልተን? ፈያዳ?” ብለው እንዴት እንዳደሩና ደህንነታቸውን ጠየቋቸው። አዛውንቱም “ፈያ፣ ገለተ ዋቃ” ብለው መለሱ። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ማለታቸው ነው። ተማሪዎቹ የደም ግፊታቸውን ለክተው፣ ደህና ነኝ ስላሉ ደህና ናቸው ብለው በክብር ሸኟቸው። አዛውንቱ የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ጎናቸውን ይዘው ቁጭ አሉ፤ መነሳትም አቃታቸው።

ሩክያ ሮጠው ደረሱባቸው። “አባቴ፣ ታመው ከሆነ ለምን አልነገሩንም?” ሲሏቸው አዛውንቱ ተቆጡ። “ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰላም ስትሉኝ ምን ልበላችሁ? ሰው ገና ሰላም ሲባል ሕመሙን ያራግፋል እንዴ? እኔ ባለጌ ነኝ?” አሉ። ሕመሙ የሳንባ ምች ነበር፤ ታክመው ድነዋል። ኋላም በየገበያው ቀን ለክሊኒኩ ሰው እየሰበሰቡ ይልኩልን ነበር።

የክሊኒካችን አሠራር ከዚያ ቀን ተወለደ። በአገራችን የጤና ጥያቄ ሰላምታ ነው። ኦሮሞው “ገለተ ዋቃ”፣ ክርስቲያኑ “እግዚአብሔር ይመስገን”፣ ሙስሊሙ “አልሐምዱሊላህ” ይላል፤ ትኩሳት እያንቀጠቀጠውም ቢሆን ይላል። ስለዚህ ሩክያ ሁለት መቀመጫ እንዲኖር ወሰኑ። ደጅ ያለው አግዳሚ የሰላምታ ነው። እዚያ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ እስኪበቃ ይጠየቃል። ከዚያ ታካሚው ብቻውን ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እዚያ ወንበር ላይ ሰላምታ ክልክል ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ “ይሄ ሕመም ምን ሥራ አስቀረብዎት?” የሚል ነው። ሰው ታምሜአለሁ ማለት ያፍራል እንጂ ሥራዬ ቀረ ማለት አያፍርም። “እርሻ አልወጣሁም”፣ “ውኃ መቅዳት አቃተኝ”፣ “ሱቄን ከከፈትኩ ሰነበትኩ” ይላል፤ ሕመሙም ተከትሎ ይወጣል።

በ2010 ዓ.ም. ሩክያ ተመርቀው በረዳት መምህርነት እዚያው ሲቀጠሩ የክሊኒኩ ተቆጣጣሪ ሆኑ። በዚያው ዓመት በሲሬ ከአውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ የገበያ ቀን አገልግሎት ተጀመረ።

በ2011 ዓ.ም. ዲጋ ተጨመረ። የእርግዝና ክትትል የጀመርነው ያኔ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በአንገር ጉቲን የወባ ምርመራ ተጀመረ። ሩክያ ወደ ተወለዱበት ቀዬ ነጭ ጋውን ለብሰው ሲገቡ እናታቸው እልል ያሉት እስከ ዛሬ ይወራል። ከዚያ መንገዱ የሚዘጋባቸው፣ ሰው ከሰው የሚፈራራባቸው ዓመታት መጡ። በእነዚያ ዓመታት የነቀምቴው የቅዳሜ ክሊኒክ አልተቋረጠም። አግዳሚው ላይ ከየትም የመጣ ሰው ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር። ሩክያ ስለዚህ ጉዳይ ንግግር አድርገው አያውቁም፤ ሁሉንም በየቋንቋው ሰላም ይሉ ነበር።

አሁን ወደሚያቅለሸልሸን እንደርሳለን።

በ2015 ዓ.ም. ጽሕፈት ቤቱ የክፍሎችን አጠቃቀም የሚፈትሽ ኮሚቴ ላከ። ኮሚቴው በኃላፊው እየተመራ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ወደ ውስጥ አልገባም። ሁለተኛው ወንበር ላይ ማን ተቀምጦ ምን እንደሚል አልጠየቀም። በአግዳሚው ፊት ለፊት እያለፈ፣ አንገቱን እያነሳና እየጣለ፣ “ፈያዳ? ደህና ናችሁ?” አለ። ሰልፉም እንደ ሥርዓቱ ብድግ ብሎ “ፈያ፣ ገለተ ዋቃ፤ ደህና ነን” አለ። ኮሚቴው ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ሪፖርቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። “በሥፍራው ተሰልፈው የተገኙት ግለሰቦች በመልካም ጤንነት ላይ የሚገኙ መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት ያረጋገጡ በመሆኑ ክፍሉ ለተሻለ አገልግሎት ቢውል” ይላል። አንብበን መጀመሪያ ሳቅን። ቀልድ መስሎን ነበር። እነዚህ ሰዎች ከሌላ አገር የመጡ አይደሉም። እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ታመው፣ “ፈያ” እያሉ ያደጉ ናቸው። የገዛ እናቶቻቸው ምጥ ይዟቸው ሰላምታ እንደሚመልሱ ያውቃሉ። ሳያውቅ የሚሳሳትን ሰው እናስረዳዋለን፤ እያወቀ የማያውቅ መስሎ የሚቀርበውን ግን ምን እንደምንለው ጨንቆናል።

ሩክያ ኃላፊው ቢሮ ድረስ ሄደው ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። ኃላፊው ወንበራቸው ላይ ተደግፈው “እህቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ሕዝቡ ራሱ ደህና ነኝ ካለ እኛ ምን እናድርግ?” አሏቸው። የአባቶቻችን ምሳሌ እንዲህ ያለ አፍ ውስጥ ሲገባ መስማት ያማል። ሕዝቡ በሽታውን አልደበቀም። በሩን ዘግቶ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ይናገራል። እኛ የምንፈልገው ያንን በር ብቻ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ክፍሉ ተወሰደ። “የእንግዳ መቀበያ” ተባለ። ሶፋ ገባለት፣ መጋረጃ ተሰቀለለት፣ ተቆለፈ። እስከ ዛሬ አንድ እንግዳ ሲገባበት ያየ ሰው የለም። ሁለተኛው ወንበራችን ሳይወጣ እዚያው ተቆልፎበት ቀረ፤ በመስኮቱ ለሚመለከት ከሶፋው ጀርባ ይታያል።

ክሊኒኩ ወደ በረንዳው ወጣ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማዳመጫው ሳንባ አላሰማ አለን። ከዝናቡ ይልቅ የጎዳን ግን የበሩ አለመኖር ነው። በረንዳ ላይ የተናገሩት ሁሉ አግዳሚው ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ሰው ወደ ወጉ ተመለሰ፤ ምን ሥራ ቀረብዎት ሲባል እንኳ ዙሪያውን አይቶ “ምንም፣ ደህና ነኝ” ማለት ጀመረ።

በዚያ ክረምት ከዲጋ የመጡ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በረንዳው ላይ ቀርበው ነበር። አማታቸውና ጎረቤቶቻቸው አግዳሚው ላይ ነበሩ። የምታክማቸው ተማሪ የቻለችውን ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም “ደህና ነኝ” ብለው ተነሱ። በሳምንቱ ልጃቸውን አጡ። ደም እየፈሰሳቸው ነበር የመጡት። ያን በሰው ፊት ማን ይናገራል? ሩክያ ይህን ሲሰሙ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመልሰው ስለ ቁልፉ ጠየቁ። “በሂደት ላይ ነው” ተባሉ። ደግመውም ሄዱ፤ ሂደቱ ያው ነበር።

ዘንድሮ በመስከረም ወባ አገረሸ። ሩክያ ከተማሪዎች ጋር ወደ አንገር ጉቲን ወርደው ሰነበቱ። ሲመለሱ ፊታቸው ገርጥቶ ነበር። እኛም እንደማንኛውም ሰው “እንዴት ነዎት?” አልናቸው፤ እሳቸውም እንደማንኛውም ሰው “አልሐምዱሊላህ” አሉን። በቀጣዩ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ዋሉ፤ ማታውን ሆስፒታል ገቡ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሊጠይቋቸው የመጡት ፎቶ አንሺ አስከትለው ነው። አልጋው ራስጌ ቆመው “ፈያዳ፣ አዴ ሩክያ?” አሉ። ፎቶው ተነሳ። ሩክያ ዓይናቸውን ገልጠው “አልሐምዱሊላህ” አሉ፤ ቀጥለውም “ቁልፉስ?” ብለው ጠየቁ። ኃላፊው ሳቅ ብለው “አይዞሽ፣ አንቺ ብቻ ዳኚልን” አሉና ወጡ። በዚያው ዕለት “መምህርታችን በጥሩ ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ በራሳቸው አንደበት ገልጸውልናል” የሚል ጽሑፍ ከፎቶው ጋር አወጡ። ይህ ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት የት እንደተነበበ አንባቢ ያስታውሳል።

ሩክያ በሞቱ ማግሥት ደግሞ ኃላፊው ሌላ ጽሑፍ አወጡ፤ “ድንገት የተለዩን” ይላል። ድንገት! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ክፍሉ የተወሰደው ድንገት አይደለም። የዲጋዋ እናት ልጃቸውን ያጡት ድንገት አይደለም። ሩክያ በበረንዳ ብርድ የከረሙት፣ ትኩሳት ይዘው የቆሙት በሁሉም ፊት ነው። ጽሑፉ ሲቀጥል “ስማቸውን ሕያው ለማድረግ” የእንግዳ መቀበያው “የመምህርት ሩክያ ሃሩን መታሰቢያ አዳራሽ” ተብሎ እንዲሰየም መወሰኑን ያበሥራል። ያንኑ ክፍል! ድንቄም መታሰቢያ! ማኅበራችን ስያሜውን አይቀበልም። በቁማቸው ያልተከፈተላቸው በር ላይ ስማቸው እንዲለጠፍ አንፈቅድም።

ስለ ቀብሩም እንናገር። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አስፋልቱ ሲያልቅ መኪናቸውን አዙረዋል። መንገዱ አስቸጋሪ ነው፤ እውነት ነው፤ ሩክያ በየወሩ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ከመመለሳቸው በፊት ትልቅ የአበባ ጉንጉን ለተማሪዎቹ አውቶቡስ አስረከቡ። በሙስሊም ቀብር ላይ ጉንጉን የማይቀመጥ መሆኑን አንድ ሰው ጠይቆ መረዳት አይከብድም ነበር፤ አልጠየቁም። የሩክያ አባት አቶ ሃሩን ግን ጨዋ ሰው ናቸው፤ አመስግነው ተቀብለው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡት። ፍየሎች በሉት።

አቶ ሃሩን ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ “አይዞዎት፣ እንዴት ነዎት?” ሲላቸው “አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ” እያሉ ዋሉ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ማንም ሳያስተናግዱት እንዳይቀር እየተጠነቀቁ። የአሁኗ የተማሪዎች አስተባባሪ ኬኔ ጋሮማ ሰው ሲቀል ጠብቃ ወደ ጓዳ አስገባቻቸው፤ በሩንም ዘጋች። “አባቴ፣ ምን ሥራ ቀረብዎት?” አለቻቸው። አቶ ሃሩን “ማሽላው ቆሟል። ወፍ እየጨረሰው ነው። እጄ ማጭድ አልይዝ አለኝ፣ ልጄ” ብለው አለቀሱ። ልጃቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ሲያለቅሱ የታዩት ያኔ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን የሀዘን ተካፋይነቱን የሚገልጸው እንደሚከተለው ነው። የቻለ አባል ሁሉ ከሰኞ ጀምሮ ወደ አንገር ጉቲን ወርዶ የአቶ ሃሩንን ማሽላ ያጭዳል። ማጭድ የሌለው እዚያ ያገኛል። ኦቦ ኢዶሳም ከሲሬ ልጆቼን ልኬአለሁ ብለዋል። ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺ እንዳይመጣ በትሕትና እንጠይቃለን።

ለወላጆቻቸው፣ ለእህትና ወንድሞቻቸው፣ ለዶክተር ሞሲሳ፣ ከእሳቸው ጋር በረንዳው ላይ ለቆሙት ሁሉ፣ ልጃቸውን ላጡት ለዲጋዋ እናትም ጥልቅ ሀዘናችንን እንገልጻለን። አላህ ለሩክያ ይዘንላቸው፤ ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግላቸው። እኛም የእሳቸውን ጥያቄ መጠየቅ አናቆምም።

ክሊኒኩ የፊታችን ቅዳሜ እንደወትሮው በረንዳው ላይ ይከፈታል። ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፦ መምጣት ከፈለጋችሁ ኑ፤ ማንም አይከለክላችሁም። “ደህና ናችሁ?” ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ እኛም ባለጌ አይደለንምና ተነስተን “ፈያ፣ ገለተ ዋቃ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አልሐምዱሊላህ” እንላችኋለን። እሱ ሰላምታ ነው፤ ጽፋችሁ እንዳትሄዱ። ቁልፉን ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን በሩን እንከፍታለን፤ ከሶፋው ጀርባ ያለውን ወንበር እናወጣለን፤ እናንተን አስቀምጠን በሩን እንዘጋና ሕመማችሁ ምን ሥራ እንዳስቀረባችሁ እንጠይቃችኋለን።

ሊሊሴ ሞረዳ
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ሥራ አመራር ኮሚቴው